የዱባ ዳኛ

ሚዛን ሽርጧን እያሰረች ወደ ወጥ ቤቱ ስትገባ ስድስቱ ዱባዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተልጠው፣ ተከትፈው፣ ባለክዳን ዕቃ ውስጥ ሆነው ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ሲመጡላት የኖሩት ዱባዎች ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነልጣጫቸው መጥተዋል። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ በአንድ እያነሳች ታገላብጣቸው ነበር። ዛሬ ግን ለማንም ደህና አደራችሁ ሳትል ቢላዋዋን አነሳች።

«ሰላምታ ቀረጥ ተጣለበት እንዴ?» አሉ እትዬ።

እትዬ የወጥ ቤቱ አንጋፋ ናቸው። የዘር ምርምር ጣቢያው ግንብ ሲሠራ ለግንበኞቹ ምሳ ያበሰሉ፣ አሁን ደግሞ ለዶክተሮቹ የሚያበስሉ፣ ዳይሬክተሩን ሳይቀር አንተ የሚሉ ሴት።

«ይቅርታ እትዬ። እንዴት አደሩ?»

«እኔስ ደህና አድሬያለሁ። አንቺ ነሽ ያላደርሽው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሚዛን እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የጣቢያው ሠራተኞች ያወጡላት ነው። ጨው ቢበዛ በስንት ቁንጥጫ እንደበዛ፣ ቢያንስ በስንት እንዳነሰ ትናገራለች። አንድ ቀን ሾርባ ቀምሳ «ይህን ካሮት የከተፈ ሰው ቢላዋውን ከሽንኩርት በኋላ አላጠበም» ስትል፣ ከታፊው ማንኪያውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣበቀባት።

ጣቢያው ከገበሬ ዘር ይሰበስባል፣ ያወዳድራል፣ የተሻለውን አባዝቶ መልሶ ለገበሬ ያድላል። ከሦስት ዓመት በፊት ከአርባ ገበሬዎች የዱባ ዘር ተሰብስቦ፣ ከአርባው ስድስት ብቻ ቀሩ። የሚፈለገው ከተለቀመ በኋላ ጎተራ ውስጥ ወራት ተቀምጦ ጣዕሙን የማይለቅ ዱባ ነበር። የትኛው ቁጥር የየትኛው ገበሬ ዘር እንደሆነ የሚያውቀው የምርምሩ ኃላፊ ብቻ ነው። ቀምሶ የሚፈርደው ደግሞ ወጥ ቤቱ ነው፤ ወጥ ቤቱ ማለትም የሚዛን ምላስ ነው።

ስድስቱንም በእኩል መጠን ትከፍላለች። አንዱን ክፍል በእንፋሎት፣ አንዱን በምድጃ፣ አንዱን በሾርባ ታበስላለች። ጨው የለ፣ ዘይት የለ። በየመሃሉ ለብ ያለ ውሃ ትጎነጭና ፎርሙን ትሞላለች። ፎርሙ ለነጥብ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ከጎን «አስተያየት» የሚል ጠባብ ቦታ፣ ከግርጌ ደግሞ ለምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው አንድ ባዶ መስመር ነበረው።

በመጀመሪያው ዓመት በአስተያየቱ ቦታ «ቁጥር ሦስት የሥጋው ቀለም ያማልላል፤ አፍ ሲገባ ግን ውሃ ብቻ ነው። እንግዳ በወርቅ ወንበር አስቀምጦ ምሳ እንደማያቀርብ ቤት» ብላ ጻፈች። በማግስቱ የምርምሩ ኃላፊ ፎርሙን ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ወረደ። ከትምህርት ገና የተመለሰ፣ ምሳውን የሚረሳ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ወጣት ነው። ሁሉም ዶክተሩ ይለዋል።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለ።

«ጥፋት ካለው እኔ ነኝ» አለች።

«ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ማሽን ስድስት ወር ሙሉ ሊነግረኝ ያልቻለውን ነው የነገርሽኝ።» ከዚያ ደንግጦ «የሚበላ ነገር ይኖራል?» አላት። ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ምሳ ያልበላ ሰው እንዲህ የሚያምር ዓይን ሊኖረው እንደሚችል ሚዛን ያን ቀን አወቀች።

ከዚያ በኋላ ፎርሞቹ ሲመላለሱ የግርጌው ባዶ መስመር ሥራ አገኘ። «ትናንት በዝናብ ያለ ጃንጥላ ስትሄጂ አየሁሽ። ቁጥር ሁለት እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈ። «ቁጥር ሁለት እንደተቀቀለ ድንች ደረቅ ነው፤ ጣፋጭም ነው። እኔም ደርቄያለሁ» ብላ መለሰች። በሁለተኛው ዓመት የግርጌው መስመር ከላይ ካለው ሁሉ ረዘመ። በሦስተኛው ዓመት ወረቀቱን ትቶ፣ ከጎተራው ጀርባ ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ እንደሚወዳት ነገራት። እሷም ሳታመነታ «እኔም» አለችው። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነበር፤ መቀመጫ ባዶ እንደሆነ እንኳ አላየችም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ እናቱ መጡ። የዶክተሩ እናት ዘር የሚያከፋፍለው ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ በጸሐፊነት በገቡበት መሥሪያ ቤት ደረጃ በደረጃ ወጥተው ወንበሩ ላይ የተቀመጡ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ጀርባቸው ወንበር የማይደገፍ ሴት። አንድ ቀትር ላይ ሠራተኛው ምሳ በሚበላበት አዳራሽ ብቻቸውን ተቀምጠው ሾርባቸውን እስከ ታች ጠጡና ሚዛንን አስጠሯት።

«ሾርባሽ ጥሩ ነው።»

«አመሰግናለሁ።»

«ልጄ ካንቺ ጋር እንደሚነጋገር ሰምቻለሁ። አልቆጣሽም። ግን የሚባለውን ታውቂዋለሽ፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።»

«አውቀዋለሁ» አለች ሚዛን። «ግን ሁለቱም አንድ አጥር ላይ ነው የሚወጡት።»

ሰብሳቢዋ ቀና ብለው አዩዋት። «አፍም አለሽ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እኔ ሰው ፊት ቆሜ ለመናገር ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጄ የሚያገባት ሴት ከጎኑ የምትቆም እንጂ ከጀርባው የምትደበቅ እንዳትሆን ነው ጭንቀቴ።»

ሚዛን ያን ጊዜ አልከፋትም። የሚደብቃት ሰው እንደማይሆን እርግጠኛ ነበረች። ሐሙስ ዕለት ግን የሦስቱ ዓመት ሪፖርት ታትሞ መጣ። አስተያየቶቿ ቃል በቃል ተጽፈዋል፤ «እንግዳ በወርቅ ወንበር አስቀምጦ» የሚለው ሳይቀር። የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ የአምስት ዶክተሮችና የሁለት ቴክኒሻኖች ስም አለ። የእሷ የለም። ጣዕሙን የፈረደው «የላብራቶሪ ቡድን» ነው ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ለማንበብ ዓይኗ እምቢ አላት። ሰው ፊት የሚያፍርባት ከሆነ፣ ከጎተራ ጀርባ የነገራት ነገር ለካ ከጎተራ ጀርባ እንዲቀር ነበር።

አልጠየቀችውም። በማግስቱ በጥበቃው በኩል ደብዳቤ ላከላት፤ ሳትከፍተው የሽርጧ ኪስ ውስጥ አስገባችው። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ቦርዱ ዱባዎቹን ቀምሶ፣ ሪፖርቱን ሰምቶ፣ አንዱን ዘር የሚመርጥበት ቀን ነው።

«እስቲ ቢላዋውን አስቀምጪው» አሉ እትዬ። «ያልተነበበ ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይዞ ዱባ መክተፍ የለም። ጣትሽን ትቆርጪና የምጠቅለው እኔ ነኝ።»

«የሚለውን አውቀዋለሁ።»

«ሳትቀምሺ መፍረድ ከመቼ ጀመርሽ?»

ሚዛን እጇን ጠርጋ ወረቀቱን ገለጠችው።

«ስምሽን ያወጣሁት አፍሬብሽ አይደለም» ይላል። «ቁጥር አራት የአባትሽ ዘር ነው። አንቺ አታውቂም፤ እንድታውቂም አልፈለግኩም፣ ምላስሽ ነፃ ሆኖ እንዲሠራ። ግን ቦርዱ ፊት ዝርዝሩ ይፋ ሲሆን ሰው ‹ለአባቷ አደላች› ይላል። ስምሽ በሰው አፍ እንዳይገባ ብዬ ነው። ከምወድሽ እኩል እፈራልሻለሁ። እናቴ እንዳነጋገረችሽ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ነው የሰማሁት። እባክሽ አንድ ቃል መልሺልኝ።»

ልቧ መጀመሪያ ራራ። ከዚያ፣ እሷም ባልጠበቀችው ሁኔታ፣ ከበፊቱ ይልቅ ተቆጣች።

በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ራሱ ገባ። የከሳ ፊቱ ይበልጥ ከስቷል። ዓይኑ በእጇ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ።

«አነበብሽው?»

«አሁን።»

እትዬ ባዶ ድስት አንስተው ወጡ።

«እና?»

«አመንኩህ» አለች። «ግን አንተ ልታድነኝ ብለህ ነው ያጠፋኸኝ። የሦስት ዓመት ሥራዬን ነጥቀህ ለሰባት ሰው ስታድል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደረጃውን ወርደህ ‹ምን ላድርግ› አላልከኝም።»

«ሊጎዱሽ ይችላሉ ብዬ ነው።»

«ለመጎዳትም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።» ድምጿ አልጮኸም፤ ዝቅ ነው ያለው። «ብትጠይቀኝ የምነግርህ ነገር ነበረኝ።»

«ምን?»

«አሁን አይሆንም። ቁጥር አንድ ምድጃ ውስጥ ነው፤ ያርራል።»

ጀርባዋን ሰጠችው። ቆሞ እንደቀረ ሳታይ አወቀች። ዘወር ብላ ልታየው ምን ያህል እንደፈለገች ለማንም የምትናገረው አልነበረም።

አዳራሹ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሞላ። ከፊት የቦርዱ አባላት በረጅም ጠረጴዛ ተቀመጡ። ከኋላ ዘራቸው ለመጨረሻው ዙር የደረሰ ስድስቱ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ነበሩ። ከስድስቱም ዘር ሳይከተፉ የቆዩ ዱባዎች ጠረጴዛው ፊት ተደረደሩ፦ ሾጣጣው ቀይ፣ ባለሸንተረሩ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ፀሐይ የሚያበራው ትልቁ ብርቱካናማ፣ ኪንታሮት የወረሰው የሚመስለው ግራጫ፣ ሲበስል ሥጋው እንደ ክር የሚተረተረው ቢጫ፣ በመጨረሻም ረጅም አንገት ያለው የገለባ መልክ።

ሚዛንና እትዬ በእንፋሎት የበሰለውን አቀረቡ፤ ከዚያ በምድጃ የተጠበሰውን። ዶክተሩ ውጤቱን አነበበ። አንደኛ ባለአንገቱ ቁጥር ስድስት፣ ሁለተኛ ባለሸንተረሩ ቁጥር ሁለት፣ ሦስተኛ ግራጫው ቁጥር አራት። መልከ መልካሙ ቁጥር ሦስት መጨረሻ። ቀጥሎ የዘሮቹን ባለቤቶች ስም ጠራ።

ሚዛን የሾርባውን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ አንድ የቦርድ አባል ተነስተው ነበር። የዘር ነጋዴ ናቸው፤ ቁጥር ሦስትን ገና ሲያዩት ወደውታል።

«ገበያ ላይ ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው» አሉ። «ይህ የመሰለ ዱባ መጨረሻ፣ ያ ኪንታሮታም ሦስተኛ። ግራ ገብቶኝ ጠየቅኩ። የቁጥር አራት ባለቤት ልጅ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ናት አሉኝ። ዱባውን ስትቀምስ የኖረችው እሷ ናት አሉኝ። እንግዲህ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ዋጋ አለው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኃላፊው ይመልሱ» አሉ፣ እንደማያውቁት ሰው።

ዶክተሩ ከፊቱ ያለውን ሪፖርት አየ። «የላብራቶሪ ቡድን» የሚለው ቃል እዚያው ነበር፤ እሱን ደግሞ ቢያነበው ማንም አይሞግተውም። ወረቀቱን ዘጋው።

«ሪፖርቱ ላይ አንድ ስህተት አለ» አለ። «ጣዕሙን የፈረደው የላብራቶሪ ቡድን አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ አንድም ቀን ሳታቋርጥ የሠራችው አንድ ሰው ናት።» ከዚያ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጠራ፤ በሚዛን የሚያውቋት የጣቢያው ሰዎች እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙትን ስም። «ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህ ጥያቄ እንዳይነሳባት ፈርቼ ነው። ፍርሃቱ የኔ ነው። ሥራው የእሷ ነው። የዚህ ሪፖርት የመጀመሪያ ስም መሆን ያለበት የእሷ ነበር።»

ሚዛን ትሪውን በቅርብ ያገኘችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ማንም ሳይጠራት በወንበሮቹ መሃል ወደ ፊት ሄደች። ሽርጧ ላይ የዱባ ጭማቂ አለ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቁጥር አራት የአባትሽ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዶክተሩ ደንግጦ ቀና አለ። ዘር ነጋዴው «ይኸው፣ ከራሷ አፍ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ጡት ስተው የበላሁት እሱን ነው። ቢላጥም ቢከተፍም አፌ አይስተውም።» ትንፋሿን ሳበች። «ፎርሞቹ ማህደር ውስጥ አሉ። ይመልከቷቸው፤ ቁጥር አራት ያለበትን ሁሉ።»

ወፍራሙ ማህደር መጣ። ሰብሳቢዋ አንድ በአንድ ገለጡ። በአራተኛው ወረቀት ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ወደ ፊት ሄዱ።

«ሌሎቹ ሁሉ ላይ አንድ ፊርማ ነው ያለው» አሉ። «ቁጥር አራት ላይ ግን ሁልጊዜ ሁለት። ለምንድን ነው?»

«ሁለተኛው የእትዬ ነው። ቁጥር አራትን እኔ ከመጻፌ በፊት እሳቸው በሌላ ክፍል ይቀምሱታል፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ከሁለታችን ዝቅ ያለው ነጥብ ነው የሚመዘገበው።»

«እውነት ነው» አሉ እትዬ ከበሩ። «እኔ ሁልጊዜ ከፍ አድርጌ እሰጠው ነበር። ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። ‹ምን አድርጎሽ ነው ይሄ ዱባ› እላት ነበር።»

ሳቅ አለፈ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። «ለኃላፊው ለምን አልተናገርሽም?»

«የዘሩ ባለቤት ማንነት ምስጢር ነበር። እኔ ባወራ የሌሎቹም ገበሬዎች ፍርድ ይበላሻል።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሩን አየችው። «ቢጠይቀኝ ግን እነግረው ነበር። ሁለቱ ፊርማ ሦስት ዓመት ፊቱ ነበር። እሱ የሚያነበው ከግርጌ ያለውን መስመር ነው።»

የሰብሳቢዋ ዓይን ሳያስቡት ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደ። እዚያው ቆየ። አንድ ፎርም ገለጡ፣ ሌላም ገለጡ። የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። ምን እየተነበበ እንደሆነ ያልገባቸው ዘር ነጋዴው አንገታቸውን ሲያሰግጉ፣ ሰብሳቢዋ ማህደሩን ቀስ ብለው ከደኑት።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አሉ። ድምፃቸው ለስልሷል። «ስለ አባትሽ ዱባ ምን ትያለሽ?»

ሚዛን ወደ ኋላ አየች። አባቷ በመጨረሻው ረድፍ፣ ኮቱን ተኩሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ያ ዘር ከአያቱ የወረደ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ሲያወጣው፣ ሲያጠጣው፣ ከልጆቹ እኩል ሲያሳድገው አይታለች። ዛሬም የመጣው ሊያሸንፍ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«እስከ ሁለተኛው ወር ከስድስቱም ይበልጣል» አለች፣ ድምጿን ሳትሰብር። «ሲበስል ይሰባበራል፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። በሦስተኛው ወር ግን ሥጋው ክር ክር ይላል፤ ጣፋጭነቱም ይሸሻል። ጎተራ ለሚገባ ዱባ ቁጥር ስድስት ይበልጠዋል። ሦስተኛ ነው።»

ከኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። አባቷ ተነስቶ ነበር።

«ልናገር ይፈቀድልኛል?»

«ይናገሩ» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የቁጥር አራት ባለቤት ነኝ። ልጄ ያለችው ልክ ነው። በሦስተኛው ወር ክር ክር ይላል። እኔ አርባ ዓመት ሳውቀው ኖሬ ለአንድም ገበያተኛ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ጠበቀ።

«የመጣሁት ዱባዬ እንዲያሸንፍ ነው፤ አልዋሽም። አሁን ግን አልቆጨኝም። እዚህ ለተቀመጣችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ።» ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ መልሶ አቀናው። «ይህቺ ልጅ የኔ ናት።»

ተቀመጠ። ሚዛን እንባዋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። አልጠረገችውምም። የሚያሳፍር እንባ አልነበረም።

ቦርዱ ቁጥር ስድስትን መረጠ። ዘር ነጋዴውም ትንሽ አመንትተው እጃቸውን አወጡ፤ በሌላኛው እጃቸው የቁጥር ስድስትን ሾርባ ይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚዛን ወጥ ቤት ወርዳ ድስቶቹን ውሃ ስትሞላ፣ ሰብሳቢዋ የበሉበትን ሳህን በራሳቸው እጅ ይዘው ገቡ። ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጡ።

«የግርጌውን መስመር አነበብኩት» አሉ።

የሚዛን ፊት ጋለ። «ሁሉንም?»

«ጊዜ አልነበረኝም። የዝናቡን ግን አንብቤያለሁ። ‹እኔም ደርቄያለሁ› ያልሽውንና እሱ በቀልድ የመለሰልሽን።» ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣና ሄደ። «ልጄ ከአባቱ ሞት ወዲህ ቀልድ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ያስረሳሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ሚዛን የውሃውን ቧንቧ ዘጋች።

«ከጎኑ የምትቆም ሴት ነበር የምፈልግለት» ቀጠሉ። «ዛሬ ሳየው ከጎንሽ ለመቆም የዘገየው እሱ ነው።»

«ዘግይቶም ቢሆን ቆሟል።»

«ትሟገችለታለሽ?»

«ለራሴ ከተሟገትኩ በኋላ ነው» አለች ሚዛን።

ሰብሳቢዋ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሹልክ ያለውን የሽርጧን ማሰሪያ ከትከሻዋ ላይ አቀኑላት፣ ለገዛ ልጃቸው ኮሌታ እንደሚያቀኑ። ከዚያ ወጡ። ከተናገሩት ሁሉ ይህ በለጠባት።

ዶክተሩ በሩ ላይ ነበር። እናቱ ሲወጡ መንገድ ለቀቀ፤ ሲገባ ግን ሁለት እርምጃ ብቻ ገባ።

«ታውቂ ነበር» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ የሚጠብቅሽ እኔ መስሎኝ ነበር።» ድምፁ ውስጥ ኀፍረትም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰምታበት የማታውቀው ኩራት። «እዚያ ቆመሽ የአባትሽን ዱባ ሦስተኛ ነው ስትይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የኮራሁበት ጊዜ የለም። ለመኩራት መብት እንደሌለኝም ያወቅኩት እዚያው ነው።»

«ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ» አለች።

«ዘግይቼ ነው የጠራሁት።»

«አዎ፣ ዘግይተህ ነው።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እወድሃለሁ፤ አልደብቅህም። ግን ከእንግዲህ በእኔ ጉዳይ ስትወስን እኔ እዚያው እሆናለሁ። ለእኔ ብለህ ቢሆንም። በተለይ ለእኔ ብለህ ከሆነ።»

«ቃሌ ነው።»

«ቃል ቀላል ነው።»

«እንግዲያው ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ በራሴ አልወሰንኩም» አለ። እስከ ጆሮው እየቀላ፣ ግን ዓይኑን ሳይነቅል። «ታገቢኛለሽ?»

ሚዛን ፈገግ አለች። «ጠይቀኸኛል» አለች በዝግታ። «እሺ ብያለሁ። አሁን ደግሞ ውጭ የሚጠብቅ ሰው አለ። እሱን ስታነጋግር ከጎንህ እቆማለሁ፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»

አባቷ በግቢው ውስጥ፣ ለመልስ ጉዞ ከመጣችው የጭነት መኪና ኋላ የዱባ ሳጥን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዶክተሩ ሮጦ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሽማግሌው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«የልጄን ስም የሰረዝከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«መልሰህም የጠራኸው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ከነአባቷ ስም ነው የጠራኸው» አለ ሽማግሌው። ሳጥኑን አንስተው መኪናው ላይ አስቀመጡት። «ምን ፈልገህ ነው?»

«ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ። ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። እርስዎን ደግሞ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አባቷ ወደ ሚዛን ዞረ። እሷ እንዳለችው ከዶክተሩ ጎን ቆማ ነበር።

«እኔ እንኳ በሷ ፍርድ ተረትቼ ነው የምመለሰው» አለ ሽማግሌው። «እሷ ቀምሳ ጥሩ ነው ካለች፣ እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ? እሑድ እናትህን ይዘህ ቤቴ ና። ጥፋትህንም እውነትህንም እኩል ይዘህ ና።»

ከአዳራሹ ሰው እየወጣ ነበር። ዶክተሮቹ፣ የቦርዱ አባላት፣ ገበሬዎቹ ከነልጆቻቸው ደረጃው ላይ ቆም ቆም እያሉ ወደ መኪናዋ ያያሉ። አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አንስቶ አባቷን ሰላም አለ። ዶክተሩ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ዘረጋ፤ ሚዛንም ያዘችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽርጧን ታወልቅ፣ ፀጉሯን ትሸፍን፣ ዓይኗን ትሰብር ነበር። አሁን ራሷን ቀና አድርጋ ቆመች። ሰው ሁሉ እያያት ነበር፤ እንዲያዩአትም ፈለገች።